ስለ ማድያት፤ ፊትን ስለ መጠበቅና ጎረቤትን ስላለማማት

የሰው ፊት ከአካላቱ ሁሉ ይልቅ የተገለጠ ነው። እጅ በኪስ ይገባል፤ እግር በጫማ ይሸፈናል፤ ፊት ግን ለሰላምታም፣ ለጸሎትም፣ ለገበያም፣ ለኀዘንም ዘወትር ተገልጦ ይኖራል። ስለዚህም በፊት ላይ የሚታይ ጥቂት ነገር፥ በሰውነት ውስጥ ተሰውሮ ከሚኖር ከባድ ደዌ ይልቅ ሰውን ሲያስጨንቀው እናያለን። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ሕመሙን የሚያውቁት እርሱና ሐኪሙ ብቻ ሲሆኑ፥ በጉንጩ ላይ ጥቁር ምልክት የወጣበት ሰው ግን ምክር የማይሰጠው፣ መድኃኒት የማያዝለት አላፊ አግዳሚ የለም።

ማድያት የምንለው፥ በተለይ በሴቶች ጉንጭ፣ በግንባርና ከላይኛው ከንፈር በላይ እንደ ደመና ጥላ የሚያርፈው ጥቁር ምልክት፥ በየቤታችን የታወቀ ነው። የታወቀ ይሁን እንጂ ምንነቱን የተረዳው ሰው ጥቂት ነው። አንዱ ምች ነው ሲል፥ ሁለተኛው የደም መበላሸት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብሎ ይደመድማል። ከዚህ ካለማወቅ የተነሣ ብዙ ገንዘብ ሲባክን፣ ብዙ ፊት ሲቃጠል፣ ከዚህም የባሰ በጎረቤታሞች መካከል ፍቅር ሲጠፋ አይቻለሁ። ሐኪም ባልሆንም፥ ተፈጥሮን ለልጆች የማስተምር መምህር እንደ መሆኔ፥ ካነበብሁት፣ ከሐኪሞች አፍ ከሰማሁትና በቤተ ዘመዴ ከደረሰው የተማርሁትን ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ማካፈል ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሊቃውንተ ሕክምና እንደሚያስረዱት የሰው ቆዳ በላይ በላዩ የተነባበረ ነው። ከላይኛው ንብርብር ግርጌ ቀለም የሚሠሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ይገኛሉ፤ የሚሠሩትም ቀለም ሜላኒን ይባላል። የሚያስደንቀው፥ በጥቁርም ሆነ በነጭ ሰው ቆዳ የእነዚህ ሕዋሳት ቁጥር ከሞላ ጎደል እኩል መሆኑ ነው። ልዩነቱ በሠራተኞቹ ቁጥር ሳይሆን በሚሠሩት ቀለም ብዛትና ዓይነት ነው። ቀለሙም ለጌጥ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በአጠገባቸው ያሉት የቆዳ ሕዋሳት ቀለሙን ተቀብለው በመካከላቸው ባለው በእምብርታቸው ላይ እንደ ጃንጥላ ይዘረጉታል፤ በዚህም ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት የተባለ ጨረር ይመክቱበታል። እንግዲህ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው፥ ፈጣሪው ገና ሲፈጥረው ጥላ አልብሶታል ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊለይ የሚገባው ነገር ይህ ነው፦ የቆዳ ጥቁረትና በቆዳ ላይ የሚወጣ ጥቁር ምልክት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ ሁለተኛው ሊታከም የሚችል የቆዳ ጉዳይ ነው። ሰኔ 24 ቀን በዓሉን የምናከብርለት አባ ሙሴ ጸሊም ስሙ በግዕዝ ጥቁሩ ሙሴ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ጥቁረቱን ልትሸፍንለት አልወደደችም፤ ከቅድስናው ጋር አንድ አድርጋ ትጠራዋለች እንጂ። ዛሬ ዛሬ ማድያትን ለማስለቀቅ የተጀመረ ነገር መላ ፊትን ወደ ማንጣት ሲያልፍ የሚታየው፥ ይህ ልዩነት ስለ ተዘነጋ ነው። ምልክቱን ማከም ብልኅነት ሲሆን፥ ቀለምን መጥላት ግን ሠሪውን እንደ መንቀፍ ይቆጠራል።

በቆዳ ላይ የሚታየው ጥቁር ምልክት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ማድያት የሚባለው ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ጉንጮች እኩል ሆኖ የሚወጣ፣ የማያሳክክና የማያም ነው፤ ከአሥር ባለማድያቶች ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው። ሁለተኛው፥ ብጉር፣ ሽፍታ፣ ቃጠሎ፣ የቁንጫ ንክሻ ወይም እከክ ካለፈ በኋላ በስፍራው የሚቀረው ጥቁር አሻራ ነው፤ ይህ ቆዳው ሲቆጣ ቀለም ሠሪዎቹ ሕዋሳት ከመጠን በላይ በመትጋታቸው የሚመጣ ሲሆን፥ በጥቁር ቆዳ ላይ ይበልጥ ይጎላል፤ ካልነካኩት በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። ሦስተኛው፥ በጎልማሶችና በአረጋውያን ጉንጭና በዓይን ዙሪያ እንደ ጤፍ ፍሬ ብቅ ብቅ የሚለው ጥቁር እብጠት ነው፤ ይህም በዘር የሚወረስና ምንም ጉዳት የሌለው ነው። አራተኛው፥ ከልደት ጀምሮ የሚኖር፥ እናቶቻችን ማርያም የሳመችው ብለው በፍቅር የሚጠሩት ምልክት ነው።

የማድያት ምክንያቱ በዋናው ሦስት ነው። አንደኛው በቤተ ሰብ መውረስ ነው፤ እናቷ ወይም እኅቷ ማድያት የነበራት ሴት ለዚህ የቀረበች ናት። ሁለተኛው የሴትነት ቅመሞች፥ በሐኪሞች አነጋገር ሆርሞኖች የሚባሉት፥ መለዋወጥ ነው፤ ስለዚህም በእርግዝና ወራት ይበረታል፥ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በሚወስዱ ሴቶችም ይታያል። ሦስተኛውና ሁሉን የሚያባብሰው ፀሐይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ማገዶ ቢሆኑ ፀሐይ እሳቱ ናት። ማገዶውን ከቤት ማውጣት ባይቻል እንኳ እሳቱን ማራቅ ይቻላልና፥ የመከላከሉ ተስፋ በዚህ ላይ ነው።

አሁን በቤተ ዘመዴ የደረሰውን ልናገር። የእኅቴ ልጅ ሁለተኛ ልጇን ወልዳ ክርስትና ባነሣች ጊዜ፥ ከጎረቤት የመጡ አንዲት ባልቴት ሕፃኗን ባርከው እናቲቱንም ትኩር ብለው አይተው «ልጄ፥ ፊትሽ እንዴት በርቷል» አሏት። ይህ የአንዲት አረጋዊት ደግ ቃል ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ግን በልጅቱ ጉንጮችና ከከንፈሯ በላይ የነበረው ጥላ እየጠቆረ ሲሄድ፥ ያ ቃል በሰዎች አፍ መዞር ጀመረ። «በክርስትናው ዕለት ያዩዋት እሳቸው ናቸው» ተባለ። ከዚያ በኋላ ባልቴቲቱ ለቡና መጠራታቸው ቀረ፤ ሕፃናቱም በደጃቸው እንዳያልፉ ተከለከሉ። እኚህ ሴት ልጅ ያልነበራቸው፣ ፈትል እየፈተሉ የሚተዳደሩ፣ ቡና የሚጠጡት በዚያ ቤት ብቻ የነበሩ ናቸው።

ልጅቱ በበኩሏ ኀፍረት ያዛት። ሥራ ቦታዋ የሚያገኛት ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» ይላታል። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከእናቷ ጎን ትቆም የነበረችው ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ከዛፍ ሥር መቆም ጀመረች፤ ኋላም ቅዳሴ መምጣቱን አቋረጠች። በዚህ መካከል አንዲት ባልንጀራዋ ከአንድ ሱቅ የተገዛ፥ ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ የሆነ ቅባት አመጣችላት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ፊቷ ጠራ፤ ቤቱም በደስታ ተሞላ። በአምስተኛው ወር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ፊቷ በእሳት ዳር ስትቀርብ ይቀላና ይለበልባት ጀመር፤ በጉንጯ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ታዩ፤ በአገጯም ጥቃቅን ጠጉርና ብጉር ወጣ። ቅባቱን ስትተወው ሁሉም ባሰ፤ ስትመልሰው ጥቂት ይሻላል፤ ስለዚህ እስረኛው ሆነች። «ጋሼ፥ ይህን ፊት ይዤ ለማን እታያለሁ?» ያለችኝ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አይጠፋም።

እኔም ስለ ዓይን የሚባለውን ነገር አስቀድሜ ልመረምር ወደድሁ። ከክርስትናው ብዙ ቀደም ብሎ፥ በስድስተኛ ወር እርግዝናዋ በአንድ ሠርግ ላይ የተነሣችው ፎቶግራፍ በቤቱ ነበር። አውጥተን በመስኮት ብርሃን ስናየው፥ ምልክቱ በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ያን ጊዜ ጀምሮ ነበር። እኅቴ ፎቶግራፉን በእጇ እንደ ያዘች ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ባልቴቲቱ ቃሉን ከመናገራቸው በፊት የነበረውን ነገር ባልቴቲቱ እንዴት ሊያመጡት ይችላሉ? ከምክንያቱ አስቀድሞ የሚመጣ ውጤት የለምና፥ ሐሜቱ በራሱ ወደቀ።

ከዚህ በኋላ ወደ ቆዳ ሐኪም ወሰድናት። ሐኪሟ ቅባቱን አይታ «እኅቴ፥ ይህ ለፊት የተሠራ አይደለም» ብላ አስረዳቻት። በውስጡ ክሎቤታሶል የሚባል ብርቱ ስቴሮይድ ነበረበት። ይህ መድኃኒት ለአንዳንድ ከባድ የቆዳ ሕመም በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን፥ በፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያወጣል፣ ብጉርና ጠጉር ያበቅላል። በዓይን አካባቢ ሲዘወተር የዓይንን ግፊት ከፍ በማድረግ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ብርቱውን ስቴሮይድ በድንገት ማቋረጥም ፊቱን ይበልጥ ያስቆጣዋልና፥ ሐኪሟ ቀስ በቀስ እንድትተወው ሥርዓት አወጣችላት።

የማንጫ ቅባቶች ታሪክ ራሱ ትምህርት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. በአሜሪካ በአንድ የቆዳ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች እጃቸው ቀለሙን እያጣ መሄዱ ተገለጠ፤ ሲመረመርም ምክንያቱ በሚያጠልቁት የላስቲክ ጓንት ውስጥ የነበረ የሃይድሮኪኖን ዘመድ የሆነ ቅመም ሆኖ ተገኘ። ለሠራተኞቹ ጉዳት የነበረው ነገር ለነጋዴዎች ሐሳብ ሆነ፤ ሃይድሮኪኖን ያለበት ቅባትም በአፍሪካ ገበያዎች ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የቆዳ ሐኪም የሆኑት ፊንድሌይና ባልደረቦቻቸው፥ ይህን ቅባት ለብዙ ዓመታት የተቀቡ ሴቶች ፊት ሰማያዊ መሰል ጥቁረት እንደሚይዝና እንደሚሻክር ጻፉ። ምልክትን ለማስለቀቅ የተቀባው ነገር የማይለቅ ምልክት ሆኖ ተገኘ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. በመዋቢያ ቅባት ውስጥ እንዳይገባ ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ዓ.ም.፣ ጋና ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ተመሳሳይ እርምጃ ወሰዱ። በሐኪም እጅ፥ በተወሰነ መጠንና ለጥቂት ወራት ብቻ ሲሰጥ ግን ሃይድሮኪኖን ዛሬም ለማድያት የሚያገለግል መድኃኒት ነው። ቢላዋ በባለሙያ እጅና በሕፃን እጅ አንድ እንዳይደለ ሁሉ፥ ይህም እንዲሁ ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። በቀድሞው ቋንቋችን ባዜቃ የሚባለው፥ ዛሬ ሜርኩሪ የምንለው ብረት፥ ቀለም ሠሪዎቹን ሕዋሳት ከሥራቸው ስለሚያግድ በአንዳንድ የማንጫ ሳሙናዎችና ቅባቶች ውስጥ ይጨመራል። በቆዳ ውስጥ አልፎ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በእናቲቱ በኩልም ወደ ማኅፀን ፅንስ ይደርሳል፤ በእናት እጅና በፎጣ በኩል ሳይቀቡት የሚጎዱ ሕፃናትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት፥ በአንድ ሚሊዮን ክፍል ውስጥ ከአንድ ክፍል በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ ከ2020 ዓ.ም. በኋላ እንዳይሠራ፣ ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይወጣ ወሰነ፤ በ2023 ዓ.ም. በጄኔቭ የተሰበሰቡት አገሮችም ጥቂቱንም ጨርሶ ለማስቀረት ተስማሙ። ስለዚህ በመያዣው ላይ ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል የሚል ቃል ያለበትን፥ ወይም ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ቅባት ከቤት ማስወጣት ተገቢ ነው።

የእኅቴ ልጅ ሕክምና ውድና ረቂቅ አልነበረም። መጀመሪያ የተቆጣው ፊቷ እስኪበርድ ድረስ ከለዘብተኛ ሳሙናና ከተራ ማለስለሻ በቀር ምንም እንዳትቀባ ታዘዘች። ከዚያ በየማለዳው የፀሐይ መከላከያ ቅባት፥ ማታ ማታ ደግሞ አዜላይክ አሲድ የተባለ መድኃኒት ተሰጣት፤ ይህም ለሚያጠቡና ለነፍሰ ጡሮች ጭምር የሚስማማ ነው ብላ ሐኪሟ ነገረችን። ትሬቲኖይን የሚባለው ሌላው መድኃኒት ግን በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለውም በእንክብል ሲወሰድ ደም የመርጋት ሥጋት ላለበት ሰው አደገኛ ስለ ሆነ፥ ያለ ሐኪም ምርመራ የሚዋጥ አይደለም። የጨረር ሕክምና ደግሞ በጥቁር ቆዳ ላይ ሳይጠነቀቁ ከተሠራ ራሱ አዲስ ጥቁር አሻራ ይተዋል። ሐኪሟ በመጨረሻ ያለችው ከሁሉ ይልቅ ጠቀመን፤ «ማድያት ይደበዝዛል እንጂ በአንድ ቀን አይጠፋም፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ታገሡ፤ ፀሐይን ከረሳችሁ ግን ተመልሶ ይመጣል» አለች።

ከዓመት በኋላ የልጅቱ ፊት ከሞላ ጎደል ዳነ። ቆዳዋ ተመለሰ፥ ቀያዮቹ የደም ሥሮች ግን ጥቂት ቀርተዋል፤ ማድያቱም ለሚያውቀው ሰው ብቻ የሚታይ ቀላል ጥላ ሆነ። ከፊቷ በፊት የዳነው ግን ጉርብትናው ነበር። ወደ ቅዱስ ቍርባን ለመመለስ በፈለገች ጊዜ የንስሐ አባቷ «ከማን ጋር ተጣልተሻል?» ብለው ጠየቋት። የፎቶግራፉን ነገር ነገረቻቸው። «እንግዲያስ መድኃኒትሽ በደጅሽ አለ» አሏት። እናትና ልጅ አንድ ቀን ማለዳ ሄደው በባልቴቲቱ ጉልበት ላይ ወደቁ። እኚህ አረጋዊት የተናገሩትን እኅቴ በእንባ ነው የነገረችኝ፤ «እኔስ ሰው ሲያልፍ በሩን ዘግቼ እቀመጥ ነበር፤ ዓይኔ ይጎዳ ይሆን ብዬ ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር» አሉ። አንድ ቃል ሐሜት አንዲትን ንጹሕ ሴት በራሷ ዓይን እስክትፈራ ድረስ ሊያደርሳት እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። ቅባቱ የፊትን ቆዳ እንዳሳሳ፥ ሐሜቱም የጉርብትናን ቆዳ አሳስቶት ነበር።

አሁን ስለ መከላከል እንናገር። በደጋ የምንኖር ሰዎች ቅዝቃዜውን አይተን ፀሐይዋ ደካማ ትመስለናለች፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይበረታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ናትና፥ በክረምት ደመና ሥር እንኳ ጨረሩ ይደርሳል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ የበረታው ነው። የቀድሞ አባቶቻችን ሰዓትን በጥላ እየሰፈሩ ያውቁ እንደ ነበር ሁሉ፥ እኛም በጥላችን ልንጠነቀቅ እንችላለን፦ ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ፀሐይዋ በርትታለችና ጥላ ፈልግ።

መከላከያውም በእጃችን ነው። ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ድርብ አድርገው የሚከናነቡት ነጠላ ሁሉም ይጠቅማሉ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት የሚገዛ ሰው ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጥ፤ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ሳይሰስት ይቀባ፤ በሜዳ የሚውል ከሆነም በየሁለት ሰዓቱ ይድገም። በጥቁር ቆዳ ላይ ማድያትን የሚያባብሰው የማይታየው ጨረር ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሃን ጭምር ስለ ሆነ፥ የብረት ኦክሳይድ የተጨመረበትና ቡናማ ቀለም ያለው መከላከያ ከነጩ ይልቅ ይሻላል። በመስኮት አጠገብ የሚሠሩና በመኪና የሚውሉ ሰዎችም መስተዋት ጨረሩን ሁሉ እንደማያግድ ይወቁ። እንጀራ የሚጋግሩ እናቶቻችንም የምጣዱ ወላፈን ማድያትን እንዳያባብስባቸው የማድ ቤቱን መስኮት ይክፈቱ፥ ፊታቸውንም ከእሳቱ ያርቁ። ወንዶች ልጆችና ባሎችም ምጣዱን ቢያግዙ ክብራቸው አይቀንስም።

በቤት ውስጥ የሚደረገውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ሎሚ ፊት ያጠራል ይባላል፤ ጤና አዳምም ለብዙ ነገር መድኃኒት ተብሎ ይታሻል። እነዚህ ዕፀዋት በምግብና በቡና ውስጥ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ጭማቂያቸው በቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ካገኘው፥ ቆዳውን እንደ እሳት የሚያቃጥልና ውኃ የሚያስቋጥር ቅመም በውስጣቸው አለ፤ ቃጠሎውም ሲሽር ለወራት የሚቆይ ጥቁረት ይተዋል። ማድያትን ለማጥፋት የተቀባው ሎሚ ራሱ አዲስ ማድያት መሰል ምልክት ያመጣል ማለት ነው። ፊትን በሻካራ ነገር መፈግፈግ፣ ብጉርን በጥፍር ማፍረጥ፣ ከሁሉም ይልቅ በረኪናን ወደ ፊት ማቅረብ ፈጽሞ የማይገባ ነው።

ማድያት ራሱ ለሕይወት አያሰጋም፤ ዳሩ ግን ጥቁር ምልክት ሁሉ ማድያት እንዳልሆነ ተናግሬአለሁ። በዓለም የታወቀው ጃማይካዊ ዘፋኝ ቦብ ማርሌ እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ የተባለ የቆዳ ካንሰር ተገኘበት። ደዌው ወደ ሌላው አካሉ ተዛምቶ በ1981 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ ዐረፈ፤ ከማረፉ ጥቂት ወራት አስቀድሞም በኒውዮርክ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በብፁዕ አቡነ ይስሐቅ እጅ ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ተጠምቆ ነበር። ይህን የምጠቅሰው፥ በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ይህ ካንሰር ሲነሣ ብዙ ጊዜ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ስለሚወጣ ነው። ስለዚህ በነዚህ ስፍራዎች አዲስ የወጣ፣ የሚሰፋ፣ ቅርጹ የተዛባ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ ወይም የሚደማ ጥቁር ምልክት ያየ ሰው፥ በጥፍሩም ላይ ጥቁር መሥመር እየሰፋ የመጣበት ሰው፥ ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

እንደዚሁም የአንገት ጀርባና ብብት እንደ ከፋይ ለስላሳና ጥቁር ሆኖ ከታየ፥ እድፍ ነው ብሎ ልጁን ከመፈግፈግ ይልቅ የደም ስኳሩን ማስለካት ይሻላል። መላ ሰውነት ከድድ ጭምር እየጠቆረ፥ ከዚህም ጋር ድካምና መክሳት ካለ፥ ቶማስ አዲሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1855 ዓ.ም. የገለጠው የዕጢ ሕመም ሊሆን ይችላል። ነጣ ወይም ቀላ ያለና ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ደግሞ የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ዛሬ በወራት መድኃኒት ፈጽሞ የሚድን ነው። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ዛሬም የቆዳ ሕሙማንን ያክማል።

በኦሪት ዘሌዋውያን 13ኛው ምዕራፍ ስለ ቆዳ ምልክት የተሠራውን ሥርዓት ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ካህኑ ምልክቱን በዓይኑ አይቶ ይመረምራል፤ የተጠራጠረ እንደ ሆነ ሰባት ቀን አቆይቶ ዳግመኛ ያያል፤ አሁንም ካልተገለጠለት ሌላ ሰባት ቀን ይታገሣል። ሳይመረምር የሚፈርድ ካህን በዚያ ሥርዓት ስፍራ የለውም። እኛ ግን ፊት ጠቆረ ባልን በማግሥቱ ጎረቤት እንከሳለን፥ ቅባት እንገዛለን። በመጽሐፈ ሲራክ 38ኛው ምዕራፍም ባለ መድኃኒት እንዲከበር ታዝዟል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። ስለዚህ ወደ ጠበል የሚሄድ ምእመን ወደ ሐኪም በመሄዱ እምነቱ አይጎድልበትም፤ ወደ ሐኪም የሚሄድም ጸሎቱን አይተው። ጠበሉን የሰጠ፥ ዕፁንም ያበቀለ፥ ለሐኪሙም አእምሮ ያደለ አንድ እግዚአብሔር ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ ባሎች በወሊድ ወራት የሚስቶቻችሁ ፊት ቢጠቁር፥ ያ ምልክት ልጃችሁን በተሸከመችበት ወራት የወጣ መሆኑን አስቡ፤ በቃልም በገጽም አታሳፍሯቸው። እናቶች ለሴቶች ልጆቻችሁ ቀይ መሆንን የውበት ሁሉ መጀመሪያ አድርጋችሁ አትንገሯቸው። ወጣቶችም ምን እንዳለበት የማታውቁትን ቅባት በፊታችሁ ላይ አታሳርፉ፤ የጀመራችሁትም ካላችሁ ሳታፍሩ ለሐኪም አሳዩ። ጎረቤታሞችም በሰው ፊት ላይ ምልክት ባያችሁ ጊዜ «ምን ሆነሽ ነው?» ከማለት «እንደምን አደርሽ» ማለት ይበቃልና፥ ሰላምታችሁን ሰጥታችሁ እለፉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።